ባሕሩን በክሬሸር

እዚህ ገጽ ላይ ስለ ቅርስ በጻፍኩ ቁጥር የሚመጣልኝ አስተያየት ሦስት ቦታ ይረግጣል፦ መቅደላ፣ የአክሱም ሐውልት፣ ሉሲ። ክፋት የለውም። ዛሬ ግን የምጽፈው ማንም ስላልዘረፈን ቅርስ ነው። እኛው በየቀኑ ፈጭተን ግድግዳ ስለምንለስንበት። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንወርድ አውቶቡሳችን ሞቆበት አባይ በረሃ መሐል ቆመ። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲበተን አሥር ዓመት ግድም የሚሆነው ልጅ ወደ እኔ መጣ። በጋቢው ጫፍ ድንጋይ ቋጥሯል።

«ጋሼ፣ የበግ ቀንድ ድንጋይ ይግዙኝ።»

ፈታልኝ። አብዛኛው ተራ ዛጎል የመሰለ ነገር ነበር። አንዱ ግን መዳፌን የሚያህል፣ በእርግጥም እንደ ሙክት ቀንድ የተጠቀለለ፣ ጎኑ ጎድን ጎድን ያለው ግራጫ ድንጋይ ነው። ወደድኩት። «ከየት አመጣኸው?» አላልኩትም። «ስንት ነው?» ነው ያልኩት። 50 ብር አለኝ፣ በ30 ወሰድኩት። በመከራከሬ ዛሬም አፍራለሁ፤ የበለጠ የማፍረው ግን ባልጠየቅኩት ጥያቄ ነው።

ድንጋዩ ቴሌቪዥኔ ሥር ብዙ ዓመት ተቀመጠ። እንግዳ ሲመጣ አነሣዋለሁ፣ «ከአባይ ነው» እላለሁ፣ እንግዳው ይገረማል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ቀን የጂኦሎጂ መምህር የሆነ ወዳጄ መጣና ድንጋዩን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላበጠው። «ከየትኛው ንብርብር ነው? ከመንገዱ በላይ ነው በታች? ከጭቃማው ነው ከጠንካራው?» ጠየቀኝ። «ከመንገድ ላይ ነው የገዛሁት» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና መልሶ አስቀመጠው። «እንግዲያ ጌጥ ነው» አለኝ።

ይቺ «ጌጥ ነው» የምትለው ቃል ናት ይህን ያስጻፈችኝ።

ነገሩ አሞናይት ይባላል። በግ አይደለም፣ ቀንድም አይደለም፣ ቀንድ አውጣም አይደለም። የዛሬዎቹ ስኩዊድና ኦክቶፐስ ዘመድ የሆነ፣ በባሕር ውስጥ የሚንሳፈፍ ፍጥረት ነበር። ቅርፊቱ በግድግዳ የተከፋፈሉ ክፍሎች አሉት። እንስሳው የሚኖረው መጨረሻ ላይ ባለው ሰፊ ክፍል ነው፤ ሲያድግ ወደ ፊት ይገፋና ከኋላው አዲስ ግድግዳ ይሠራል። የተዋቸው ክፍሎች በጋዝ ተሞልተው ያንሳፍፉታል። የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ዳይኖሰሮችን ያጠፋው እልቂት የአሞናይትንም ዘር ጨረሰ። የዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግን ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል የገባ ባሕር ሐረርጌን፣ ሸዋን፣ ጎጃምንና ትግራይን ሸፍኖ ነበር። አዎ፣ ደጀን ባሕር ነበረች። መቀሌም፣ ድሬዳዋም።

ገደሉን የወረደ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል፤ የሚነግረው ስለሌለ ነው እንጂ። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ከሱ ሥር አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ቀይ ጭቃማው፣ ከዚያ እንደ ደረጃ የተደረደረው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ከሱ በታች ጀሶው፣ ወንዙ ዳር ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ። ከጫፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እኛ ያን መንገድ የምናውቀው በፍሬን መቃጠልና በጸሎት ነው። አንዱን ደረጃ አልፈን ወደ ሌላው በወረድን ቁጥር ግን ሚሊዮኖች ዓመታትን ወደ ኋላ እየተጓዝን ነው።

አሞናይት ለጂኦሎጂስት ለምን እንደሚያንገበግብ እዚህ ላይ ነው የሚገባን። የአሞናይት ዝርያዎች ቶሎ ቶሎ ይለዋወጡ ነበር፤ አንዳንዱ ዝርያ ምድር ላይ የቆየው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ላነሰ ጊዜ ነው፤ በምድር ታሪክ ይህ የዓይን ጥቅሻ ነው። ስለዚህ አንድ አሞናይት ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ከታወቀ፣ ያ ንብርብር ዕድሜው ታወቀ ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ የጁራሲክ ዘመን አለቶች የተቆጠሩት በዚህ ቅርፊት ነው። አባይ ገደል ውስጥ ደግሞ አሞናይት እንደ ኦይስተርና እንደሌሎቹ ዛጎሎች በየቦታው ፈስሶ የሚገኝ ነገር አይደለም። ብርቅ ነው። እያንዳንዷ ለመቶ ሜትር ድንጋይ ሰዓት ልትሆን ትችላለች። የኔዋ ሰዓት ነበረች። 30 ብር ከፍዬ ጌጥ አደረግኋት።

አሞናይት የሚለው ስም ራሱ ከአሙን የመጣ ነው፤ የበግ ቀንድ ካለው የግብፆች አምላክ። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስለ ከበሩ ድንጋዮች ሲጽፍ «የአሙን ቀንድ» የሚባለውን ወርቃማ ድንጋይ በኢትዮጵያ እጅግ የተቀደሰ ነው ይለዋል፤ ትንቢታዊ ሕልም እንደሚያሳይም ይጠቅሳል። ይህን ያነበበ ወዳጄ «አየህ! ከኛ ነው የጀመረው!» ብሎ ሊያብድ ደርሶ ነበር። ቀስ እንበል። የሮማውያን «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሁሉ የሚጠቀልል ስም ነው፤ ደጀን ናት ብሎ የሚምል ካለ ለብቻው ይማል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከ1,900 ዓመት በፊት የሮም ሰው በስማችን ጠርቶ የጻፈውን ነገር፣ የዛሬው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪያችን ስሙን ሰምቶ አያውቅም።

የውጭ ሰዎች ግን ሰምተዋል። መቅደላ ስንል ድርሳናቱን፣ ዘውዱን፣ ኩርዓተ ርእሱን ነው የምናስበው፤ ልክ ነን። በዚያው በ1868 (እ.ኤ.አ.) ዘመቻ ከናፒየር ጦር ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የሕንድ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሰው አብሮ መጥቷል። ወታደሩ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ እሱ የመንገዱን ድንጋይ ያይ ነበር። በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የኖራ ድንጋዩን በእንደርታዋ ከተማ ስም «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» ብሎ ሰየመው። ዛሬም በየትኛውም የጂኦሎጂ ጽሑፍ ስሙ ይኸው ነው። በ1880ዎቹ ኦብሪ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ከሸዋ የሰበሰባቸውን ቅሪተ አካላት ወደ ሀገሩ ወሰደ፤ ዱቪዬ የተባለው ሊቅ በ1886 ጥናታቸውን አተመ። በ1943 ደግሞ የኒውዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሐረርጌን ቅሪተ አካላት ጥናት በመጽሔቱ አወጣ። ከዚህ ሁሉ የተነሣ በጁራሲክ ዘመን በዚህ አካባቢ ባሕሮች ይኖሩ የነበሩ ፍጥረታት የሚገኙበትን ሰፊ ቀጠና ሊቃውንቱ «የኢትዮጵያ ግዛት» ብለው ይጠሩታል። እስራኤል ኔጌቭ በረሃ ውስጥ የሚገኙ ዛጎሎች ሳይቀሩ የሚጠኑት በዚህ ስም ሥር ነው። ድንበር በሌለበት ዘመን የነበረ ግዛታችን ነው፤ የሚያጣላን ጎረቤትም የለበትም።

እነዚህን ሰዎች ቅዱስ ላደርጋቸው አይደለም። አንዳንዱ በጦር ጥላ ሥር ነው የመጣው። ነገር ግን አንድ ነገር አድርገዋል፦ ቦታውን ጽፈዋል። ብላንፎርድ የነገረንን ቦታ ዛሬም ሄደን እናገኘዋለን። እኔ የገዛሁትን ድንጋይ ቦታ ግን ማንም አያገኘውም። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው። ከሁለታችን ቅርሱን የበለጠ የጎዳው ማነው? በየስብሰባው «ቅርሳችን ይመለስ» እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ክሬሸሩ።

ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው። አንድ ቶን ክሊንከር ለማውጣት ወደ 1.5 ቶን የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። ሙገርም፣ ደርባም፣ ለሚም፣ መሰቦም የተተከሉት እዚያ የተተከሉት ድንጋዩ እዚያ ስላለ ነው፤ ድንጋዩም የዚያው ባሕር ወለል ነው። ዛጎሉ፣ ኮራሉ፣ አሞናይቱ ተቆልሎ፣ ተጭኖ፣ ደንድኖ የኖራ ድንጋይ ሆነ፤ እኛ ደግሞ በባሩድ ፈልጠን፣ በሎደር ጭነን፣ በክሬሸር ፈጭተን ኮንዶሚኒየም አደረግነው። የኦጋዴን ጋዝም የሚገኘው ከዚሁ ባሕርና ከሱ በፊት ከነበረው ዘመን ደለል ውስጥ ነው። ባሕሩ ቤት ሠርቶልናል፣ ምድጃችንንም ሊያሞቅልን ነው።

ፋብሪካ ይዘጋ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ሲሚንቶ ያስፈልገናል፤ ኩንታል በወረፋና በዘመድ የተገዛበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። የምለው ሌላ ነው። ካባ ማለት ማንም ተመራማሪ በገንዘቡ ሊቆፍረው የማይችለውን ግድግዳ በየሳምንቱ አዲስ አድርጎ የሚከፍት ቦታ ነው። ለቅሪተ አካል ፈላጊ ከካባ የተሻለ ቦታ የለም። በሌላው ዓለም ብዙ ትልልቅ ግኝቶች የወጡት ከካባ ነው። እኛ ጋ ግን ግድግዳው ይከፈታል፣ ማንም አያየውም፣ ይፈጫል። ኤክስካቫተር ኦፕሬተሩ የሚያይ ዓይን የለውም ማለቴ አይደለም፤ አንድ ኦፕሬተር «የጎማ ዱካ የመሰለ ክብ ድንጋይ በየጊዜው እናያለን፣ አንዳንዱ ከመሪዬ ይበልጣል» ብሎኛል። «ምን ታደርጉታላችሁ?» ስለው ሳቀ። «ቶን ነዋ!»

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የተፈጥሮን ሂደት የሚመሰክሩትንም ይጨምራል። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቅ ያዝዛል። ያለ ፈቃድ ፍለጋና ጥናት ማካሄድም ይከለክላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። አሁን ያን ወረቀት ይዛችሁ ካባው ጠርዝ ላይ ቁሙ። ኦፕሬተሩ ለማን ነው የሚያሳውቀው? በየትኛው ስልክ? እስኪመጡለት ማሽኑ በሰዓት የሚከፈልበት ቆሞ ይጠብቃል? ኪሳራውን ማን ይችላል? ለእነዚህ መልስ እስካልተዘጋጀ ድረስ ሕጉ ለኦፕሬተሩ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፦ አላየሁም በል።

ራሴም ሞክሬዋለሁ። ወዳጄ «ጌጥ ነው» ካለኝ በኋላ ሕሊናዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ድንጋዬን በፌስታል ይዤ ሁለት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው «ይሄ ማዕድን እንጂ ቅርስ አይደለም» አለኝ። ሁለተኛው «ይሄ ቅርስ እንጂ ማዕድን አይደለም፣ ግን የኛ ክፍል አይመለከተውም» አለኝ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ብቻ ነው ድንጋዩን በእጁ ይዞ በደንብ ያየው። «ጋሼ፣ እኛም አገር አለ እኮ፣ ልጆች ሆነን ላም አድርገን እንጫወትበት ነበር» አለኝ። አገሩ መርሐ ቤቴ ነው። የጥናት ገንዘብ ቢኖረኝ የምቀጥረው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሡብኛል።

አንደኛው «ድንጋይ ነው፣ ተወን» የሚለው ነው። ሀገር እንዲህ በሆነችበት፣ ጎጃም ሰው በሰላም ገበያ ውሎ መግባት ብርቅ በሆነበት ሰዓት ስለ ዛጎል ታወራለህ? ይላል። ይህ ጥያቄ ይከብደኛል፤ ላድበሰብሰውም አልፈልግም። የሰው ሕይወት ይቀድማል፤ የሚቀድመውን ሁሉ ይቅደም። ግን ክሬሸሩ ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም። በጦርነቱ መሐል ሲሚንቶ እየተመረተ ነው፣ ድንጋይ እየተፈጨ ነው። «ጊዜው አይደለም» የሚለው ለኛ ብቻ እንጂ ለማሽኑ አልተነገረም። የምጠይቀውም በጀት አይደለም። የስልክ ቁጥርና አንድ ደብተር ነው።

ሁለተኛውን የበለጠ እፈራዋለሁ፤ የተማረ ነውና። «አትንኩ! ቅርስ ነው! ማንም ሰው ድንጋይ እንዲሰበስብ ከተፈቀደ ዘረፋ ይከፈታል» ይላል። ደላንታ ላይ በኦፓል የሆነውን እንደ ማስረጃ ያመጣል፦ ገበሬው ገደል ውስጥ እየተንጠለጠለ ያወጣው ድንጋይ በጥሬው ተሽጦ፣ ትርፉ ሌላ አገር መቀረጡን። ስጋቱን እረዳለሁ። ማዳጋስካርን ያየ ሰው ይረዳዋል። አዲስ አበባም ዱባይም ሰው ቤት የማየው ለሁለት የተሰነጠቀና የተወለወለ፣ ክፍሎቹ በክሪስታል የተሞሉ አሞናይት አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። የቤቱ ባለቤት «ኃይል ይሰጣል» ተብሎ ነው የገዛው። ሞሮኮ ውስጥ ደግሞ ኤርፉድ የምትባል ከተማ ድንጋዩን ጠረጴዛና መታጠቢያ ገንዳ አድርጋ ትሸጣለች፤ በጀሶና በሙጫ የተሠራ ውሸቱም ከእውነቱ ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። ያ ገበያ ወደኛ እንዲመጣ አልፈልግም።

ግን «አትንኩ» የሚሠራው ድንጋዩ ባለበት የሚቆይ ከሆነ ነው። አይቆይም። ክረምት ይሸረሽረዋል፣ መንገድ ይቆርጠዋል፣ ካባው ይበላዋል፣ ልጁ ለኔ ቢጤ ይሸጠዋል። ዶርሴት የሚባለው የእንግሊዝ ጠረፍ ላይ ይህን ጥያቄ ቀድመው መልሰውታል። እዚያ ባሕሩ ገደሉን እየናደ ቅሪተ አካሉን ያወጣዋል፤ ካልተነሣ ማዕበሉ ይወስደዋል። ስለዚህ ሰብሳቢውን ከመከልከል ይልቅ ደንብ አወጡለት፦ ከገደሉ ግድግዳ ቆፍረህ አታውጣ፣ የወደቀውን አንሣ፣ ቁልፍ የሆነ ነገር ካገኘህ አስመዝግብ። ሜሪ አኒንግ በዚያው ጠረፍ፣ ላይም ሪጂስ፣ የድሃ አናጺ ልጅ ሆና ዛጎል ለመንገደኛ እየሸጠች አድጋ ነው የዓለምን ሳይንስ የቀየሩ ግኝቶች ያወጣችው። አባይ በረሃ ላይ ጋቢ ቋጥሮ የመጣው ልጅ በምን ያንሳል? ከሷ የሚለየው፣ ከሱ የሚገዛው ሰው የት እንዳገኘው አለመጠየቁ ነው።

ከሁሉ የተመቸኝ ግን የካናዳዋ አልበርታ ሕግ ነው። እዚያ ቅሪተ አካል ሁሉ የመንግሥት ነው። መሬት ላይ የወደቀውን ግን በባለ መሬቱ ፈቃድ ማንሣት ይቻላል። ያነሣው ሰው ባለቤት አይሆንም፤ ጠባቂው ይሆናል። ያለ ፈቃድ አይሸጠውም፣ አይቆርጠውም፣ ከክፍለ ሀገሩም አያወጣውም። እኛ ለዚህ ከነሱ የተሻለ ቃል አለን፦ ባለአደራ። አደራ የሚለውን ቃል ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። የአደራ ከብት እንዴት እንደሚያዝ ከኛ በላይ ያውቃል። የከብቱን አመጣጥ ሳይናገር አደራ የሚሰጥም የሚቀበልም የለም።

ስለዚህ ክርክሬ ይህ ነው። ከአባይ ጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ሰው በአደራ ይሰብስብ። እንሰብስብ እላለሁ፤ በሕግ፣ በደብተር፣ በስልክ። ዛሬ ደጀን ላይ ስማርት ስልክ የሌለው ወጣት ጥቂት ነው። ድንጋዩን ከማንሣቱ በፊት ባለበት ፎቶ ያንሣው፤ ስልኩ የቆመበትን ቦታ በቁጥር ይነግረዋል፤ ያን ቁጥር በቀለም ድንጋዩ ሆድ ላይ ይጻፈው። ከግድግዳው መፈልፈል ክልክል ይሁን፤ የወደቀ ብቻ። ካባ ውስጥ ደግሞ ፈቃድ ሲታደስ አንድ ግዴታ ይጨመር፦ በየፈረቃው አንድ ሰው፣ ከሠራተኛው መሐል የተመረጠ፣ ክብ ነገር ሲያይ ለአንድ ሰዓት ማሽን የማቆምና የመመዝገብ ሥልጣን ይኑረው። ለአንድ ሰዓት! የካባው ጫኝ ለምሳ ከሚቆምበት አይበልጥም። መጥቶ የሚያየው ተመራማሪ የለም እንዳይባል ደግሞ፣ ባለፉት ዓመታት ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጭምር ከአባይ ተፋሰስ የተገኙ አሞናይቶችን ያጠኑና ያሳተሙ ሰዎች አሉ። ዓይኖቹ አሉን። ዓይኑንና እጁን የሚያገናኝ ነው የጠፋው።

ማሳያውስ? እዚህ ላይ በሙዚየም ፍቅር የታመምን ሕዝብ ሆነናል፤ በአራት ዓመት ውስጥ አዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየምም የዓድዋ ሙዚየምም ተመርቀውላታል፣ ደስ ይላል። ግን የደጀን ድንጋይ አዲስ አበባ መስተዋት ውስጥ ሲገባ እንደገና ጌጥ ነው። ገደሉ አጠገቡ የለማ! ፈረንሳይ ዲኝ የምትባል ከተማ አቅራቢያ ከ1,500 በላይ አሞናይት ያለበት አንድ ትልቅ የድንጋይ ገበታ አለ። አልፈለጡትም፣ አላዛወሩትም፤ ባለበት ጠብቀውት ሰው ሄዶ ያየዋል። ጃፓኖች ሲወዱት ቅጂውን ሠርተው ነው የወሰዱት። እስራኤል ውስጥ ራሞን በሚባለው ሰፊ ጉድጓድ ያለውን የአሞናይት ግድግዳም እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል፤ ልጆች በእጃቸው ይዳስሱታል፣ አንድም ይዞ መሄድ ግን አይቻልም። የከተማዋን የጎብኚዎች ማዕከል ራሱ በአሞናይት ቅርጽ ነው የሠሩት። እኛ ደግሞ ከራሷ ከሉሲ ተምረናል፦ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ሕዝቡ የሚያየው ቅጂዋን ነው፣ እውነተኛዋ ተቆልፋ ትጠበቃለች። ማንም በቅጂ አልተከፋም። እውነተኛዋ ሉሲና ሰላም በ2025 (እ.ኤ.አ.) ፕራግ ድረስ ሄደው ሲታዩ ግን ሀገር ተጨቃጨቀ። ጥሩ ነው፤ ተቆርቋሪ አላቸው ማለት ነው። ለ160 ሚሊዮን ዓመቱ ግን ተቆርቋሪ የለም፤ ሰው አይመስልምና።

የምፈልገው ሕንፃ አይደለም። ጎሐ ጽዮን ላይ አንድ ክፍል፣ ደጀን ላይ አንድ ክፍል፤ መኪና ቡና ለመጠጣት በሚቆምበት ቦታ። ግድግዳው ላይ የገደሉ ንብርብር በቀለም ይሣል። ከየንብርብሩ ፊት ለፊት የወጣበት ድንጋይ ይቀመጥ፤ ያገኘው ልጅ ስም፣ የተገኘበት ቀን፣ የቦታው ቁጥር ይጻፍበት። ስሙ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ልጅ ድንጋዩን በ30 ብር አይሸጥም። መግቢያ 20 ብር ቢከፈል የሚከፍለው መንገደኛ ሞልቷል፤ አባይን የወረደ ሰው ምን ዓይነት ነገር ውስጥ እንዳለፈ ማወቅ ይፈልጋል፣ ጠያቂ ስላልነበረ ነው እንጂ።

«ይህ የኖኅ ውኃ ያመጣው ነው» የሚሉኝ አባቶችም አሉ። ይህን ክርክር ዛሬ አልከፍትም። የሳይንሱን ቁጥር እኔ ተቀብዬዋለሁ፣ ከላይም ጽፌዋለሁ። ግን አባቶቼን እንዲህ እጠይቃለሁ፦ ውኃው ያመጣው ነው ካላችሁማ፣ የዚያ ውኃ ምስክር ክሬሸር ውስጥ ሲገባ ለምን ዝም ትላላችሁ? በየትኛውም ቁጥር ብንቆጥረው ማንም ሰው ያልሠራው ነገር ነው። በደብሩ ዙሪያ ያለ ድንጋይ ላይ የሚገኝ ዛጎል ካለ፣ እባካችሁ ለአጥር አይፈለጥ።

የኔን ድንጋይ በመጨረሻ ከቴሌቪዥኑ ሥር አነሣሁት። ወዳጄ ለተማሪዎች ማሳያ ይሆናል ብሎ ሊወስደው ተስማምቷል፤ ለጥናት አይሆንም። ከሱ ጋር ትንሽ ወረቀት አያይዤያለሁ። «አሞናይት። የአባይ ገደል፣ ጎሐ ጽዮን – ደጀን መንገድ። ንብርብሩ አይታወቅም። ያገኘው ልጅ ስም አይታወቅም፤ አልተጠየቀም።»

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ድንጋይ ካለ፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ከመሥክ ያመጡት፣ እነሱ በሕይወት ሳሉ ከየት እንዳነሡት ጠይቋቸውና ላዩ ላይ ጻፉበት። ካባ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ፎቶና ቦታ ላኩልኝ። የላኪውን ስም አላወጣም፤ ፎቶውን ከሚያውቁት ጋር አገናኛለሁ።